ምስሉ ቀጥ ያለ ዕለት

ልብስ ሰፊው ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ሚስቱም እንደዚያው ናት። የተዋወቁት መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። እሱ ከፊደል ይልቅ መቀስ ቀናውና ቶሎ ወደ ሙያው ገባ፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። ስለዚህ ንባብና ጽሕፈቱ ላይ ሁለቱም እንደ ነገሩ ናቸው። በእጅ ወሬ ግን የሚያህላቸው የለም። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ እነሱ ሲጨቃጨቁ ደንበኛው አንገቱን እያዞረ ምላጩን እንደሚያስቸግረው ይናገራል። ልብስ ሰፊው ሚስቱን የሚጠራት ጣቱን ጉንጩ ላይ አሳርፎ ነው። ስትስቅ ጉንጯ ስርጉድ ይላል፤ ስሟን ያወጣላት ከዚያ ነው።

ያ የሳንባ በሽታ አገር ሲያምስ ሱቆች ተዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱን ትኩሳትና ሳል ያዛት፤ አምቡላንስ መጥቶ ጠያቂ ወደማይገባበት ሆስፒታል ወሰዳት። እሱ ስልኩን ታቅፎ ቤት ቀረ። ሌላው ሰው በስልክ ድምፅ ከሰማ ይበቃዋል። ለእነሱ ግን ምስል ከሌለው ስልክ ድንጋይ ይሻላል።

መጀመሪያ ላይ ደህና ያወሩ ነበር። በኋላ ግን ሰው ሁሉ ቤቱ ተከተተ። ተማሪው በስልክ ይማራል፣ ሠራተኛው በስልክ ይሰበሰባል፣ የቀረው ፊልም ያወርዳል። ሁሉም በአንዴ ልግባ ሲል ኔትወርኩ ተጨናነቀና መንቀርፈፍ ጀመረ። የስልክ ድርጅቱ እባካችሁ ቪዲዮ ቀንሱ ብሎ ለሁሉም መልእክት ቢልክም ሰሚ አላገኘም። የሚስቱ ጣቶች ተሸራርፈው ይደርሱት ጀመር፤ «ጠጣሁ» ትበል «ተኛሁ» አይለይም። ለሕፃን እንደሚነግሩ ቀስ እያሉ፣ አንዱን ቃል ሦስቴ እየደጋገሙ ቆዩ።

አንድ ጠዋት ደወለች። ምስሉ ድንግዝግዝ ያለ ነው። እጆቿ ፈጠን ፈጠን እያሉ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሱ ግን መሃል መሃሉን አላገኘውም። በመጨረሻ ሁለት መዳፎቿን ወደ ውጭ ገለበጠች፤ «አለቀ» ማለት ነው። ምስሉ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ወዲያው ጠፋ።

ምን አለቀ? ኦክስጅኑ ነው? ወይስ እሷ ራሷ መሰናበቷ ነው? መልሶ መላልሶ ደወለ፤ ስልኩ እንቢ አለ። ጎረቤት ወዳለችው ታናሽ እህቱ ሮጠ። እሷ ትሰማለች፤ የእጅ ወሬውንም ከእሱ ጋር ስታድግ ለምዳዋለች። ሆስፒታሉ ጋ ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ብቻ ነው የሚታይህ ብላ በእጇ ተቆጣችው፤ ግን ነጠላዋን አንስታ ቀድማው ወጣች። ታክሲ ስላልነበረ ተያይዘው በእግር ሄዱ።

የሆስፒታሉ አጥር በሰው ተሞልቷል። ሁሉም አንጋጦ የልጁን፣ የእናቱን ስም ወደ መስኮት ይጣራል። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፤ ድምፁ የሚደርስ አይመስልም። ጥበቃው ለልብስ ሰፊው አንድ ነገር ተናገረው። ድሮ ቢሆን ከንፈሩን አይቶ ይገምት ነበር፤ አሁን ግን አፍ ሁሉ በጭንብል ተሸፍኗል። እህቱ ከጥበቃው ጋር ስትነጋገር አንዲት ነርስ በግቢው ስታልፍ ሰማቻት።

«ያቺ በእጇ የምታወራዋ?» አለች ነርሷ። «እናንተ የሷ ናችሁ? ቆዩ እዚሁ።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የፎቅ መጋረጃ ተገለጠ። ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መስኮቱ ጋ ደረሰች። ከስታለች፤ ግን ቆማለች።

«ምንድን ነው ያለቀው?» አላት እሱ፣ ከአጥሩ ማዶ እጆቹን ከፍ አድርጎ።

«ትኩሳቱ። ትኩሳቱ አለቀ ነው ያልኩህ። አንተ ምን መስሎህ ነው?»

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሲስቅ እንባው ይወርዳል። እሷ ቁልቁል አየችውና ፂምህን ተላጭ፣ የሞትኩ ታስመስላለህ አለችው።

ይኼኔ የሚጣራው ሰው መጣራቱን ትቶ ወደ እነሱ ዞሯል። አንዲት እናት የእህትየውን ክንድ ያዘች። ልጇ እዚያው ክፍል መስኮት አጠገብ እንደተኛ ነግሯት ነበር፤ ስልኩ ግን ከተዘጋ ሰንብቷል። እህትየው ለወንድሟ፣ እሱ ደግሞ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ወደ ውስጥ ዞር ብላ አይታ ተመለሰች፤ ያ ጎረምሳ ከሆነ ቁጭ ብሎ ሾርባ እየጠጣ ነው፣ ትልቁን ማንኪያ ይዞታል አለች። ወሬው በእህትየው አፍ ሲደርሳት የእናትየዋ ነፍስ መለስ አለች። የልብስ ሰፊውን ሁለቱንም እጆች ይዛ ሳመች።

ከዚያ በኋላ ሚስቱ እስክትወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከእህቱ ጋር አጥሩ ጋ ይሄዳል፤ የሌላውንም ሰው መልእክት ያደርሳል። ኔትወርኩም ቀስ በቀስ እየተሻለው መጣ፤ እነሱ ግን ከመስኮቱ አልተላቀቁም።

ቤት የገባች ዕለት ከበር ጀምሮ አላቆሙም። እሱ የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ቦታውን ስለቀያየረው ትቆጣዋለች፤ እሱ ይመልሳል፤ እሷ ትስቃለች። እህትየው መሃላቸው ተቀምጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታይ ቆየችና ደከማት። በእጇ «እናንተ አውሩ» አለቻቸውና ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፈነች።