ማርሽ ሲቀይር የሚሰማው ድምፅ

ነገሩ ሲሆን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ጧት ልብስ ሳሰጣ አንድ አሮጌ መኪና ማርሽ አልቀይርም ብሎ እየጮኸ በደጄ ባያልፍ ኖሮ ይህን ሁሉ አላነሣባችሁም ነበር። አሁን ሰፈሩ በባለባትሪ መኪና ተሞልቶ የሚመጣው ሰው ከሚሄደው በድምፅ አይለይም። ያን ጩኸት ስሰማ ግን እርጥቡን አንሶላ እንደያዝሁ ደሜ ፈላ። ንዴት ይህን ያህል ዘመን ሳይበርድ ይቆያል ብሎ ማን ያስባል?

እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች ነን። አባየ ጀልባ ሠሪ ነበር። አንድ ቀን ጣውላ ወድቆ ግራ እግሩን ሰበረው፤ ቢድንም ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተው። ስለዚህ ማርሹን ራሱ የሚቀይር አሮጌ ነጭ መኪና ገዛና ዓሣ ከሐይቁ ወደ ገበያ ያመላልስ ጀመር። ያኔ አውቶማቲክ መኪና በሰፈራችን ብርቅ ነበር። ጓደኞቹ “ይሄ መኪና ነው ወይስ አልጋ?” እያሉ ያሾፉበታል። እሱም “አልጋ ከሆነማ ተዉኝ ልተኛበት” ይላቸዋል።

ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኮፈኑን ይከፍታል። ከነዳጅ መርገጫው ተነሥቶ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ቀጭን ገመድ አለ፤ መኪናው መቼ ማርሽ እንደሚቀይር የሚወስነው እሱ ነው። ሲወጠር መኪናው እየጮኸ ቆይቶ ይቀይራል፤ ሲላላ ቶሎና በለስላሳው ይቀይራል። አባየ በትንሿ መፍቻ ቁልፉ ዳዶዋን ግማሽ ዙር ያዞርና እኔን ከጎኑ አስቀምጦ እስከ ዓባይ ድልድይ ይነዳል። “ዝም በይና ስሚ” ይለኛል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የቤንዚን፣ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ይመለስና እንደገና ግማሽ ዙር። በመጨረሻ ሰፈራችን ሹም አቦ ገብተን ወደ ቅያሳችን ስንታጠፍ፣ መኪናው ልክ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ “እህ” ብሎ ይቀይራል። እማየ ያን ከቤት ውስጥ ስትሰማ “መጣ” ትልና ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ውኃ ታቀርባለች። አባየ ደጃችን ላይ ጡሩንባ ነፍቶ አያውቅም።

ከዚያ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እማየ ኢዳ ተቀመጠች። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ወራቷን እስክትጨርስ ከቤት አትወጣም። ሥራው እንዳይቆም መኪናውን የአባየ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ተረከበ፤ መኪናው የሚያድረው ግን እኛው ግቢ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማታ ከቅያሱ ላይ “እህ” ሲል እማየ ውኃውን ይዛ ብድግ አለች። እንደቆመች ቀረች። እኔ እንዳላየ ሰው ፊቴን አዞርሁ። በማግስቱ ውኃ አልያዘችም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሬዲዮውን ዘጋች። በየቀኑ ትዘጋው ጀመር። ከዚያ ቤት ለማትወጣ ሴት ከባሏ የቀራት ያ ድምፅ ነበር።

አንድ ቀን ሬዲዮው እንደተዘጋ አመሸ። መኪናው “እህ” ሳይል እየጮኸ መጥቶ ግቢ ገባ። እማየ ግን ጆሮዋን ወደ ቅያሱ እንደጣለች “ልጄ፣ ዛሬ መኪናው የት ዋለ?” አለችኝ። እሱ ግን ከመስኮቷ ሥር ቆሞ ነበር።

ሲነጋ ወደ ሐይቁ ዳር ሮጥሁ። አጎቴ መኪናውን አጠገቡ አቁሞ መረብ ከሚጠግኑት አጥማጆች ጋር ይሥቃል።

“ጋሼ፣ ገመዱን ነክተውታል?”

“ግሽ አባይ ሰፈር ጋራዥ ወስጄ አስወጠርሁት። እንዲያ ላልቶ ከሄደ ካምቢዮው ይቃጠላል። ያኔ ምን ልትበሉ ነው?”

“እንደነበረው ያድርጉልኝ። እማየ ትሰማዋለች።”

“እናትሽ ደግሞ መቼ ሾፌር ሆነች?”

አጥማጆቹ ሣቁ። አንዱማ “ለመኪናውም ኢዳ አስቀምጡለታ!” አለ። ሣቃቸው በውኃው ላይ ሲሄድ ዛሬም ይሰማኛል።

ኮፈኑን ከፈትሁ። የአባየን ቁልፍ ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ዳዶዋ ላይ ሳሳርፍ አጎቴ እጄን ጠምዝዞ ነጠቀኝ። “አንች ልጅ፣ አበድሽ?” አለና ቁልፏን ወደ ጣና ወረወራት። ፀሐይ ላይ ብልጭ አለችና ጠፋች።

“አንተ!” አልሁት። ከአንቱ በቀር ብዬው የማላውቀውን ሰው። “እማየ ሬዲዮ ዘግታ የምትጠብቀው ያንተን ዓሣ መሰለህ? ወንድምህን ነው!”

ሣቁ ቆመ። እጄ አብጦ ወደ ቤት ገባሁ።

ያቺን ቁልፍ ዛሬም አልተውሁለትም። መካኒክ የሆነ ሁሉ አጎትሽ ትክክል ነበር ይለኛል። ይሁን፣ ትክክል ነበር። ትክክል የሆነ ሰው የሟች ወንድሙን ቁልፍ ሐይቅ ውስጥ ይጥላል?

መኪናው ያን ዕለት ማታም እየጮኸ መጣ፤ በማግስቱም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ለመግሪብ አዛን ሊባል ሲል፣ ከቅያሱ ላይ “እህ” አለ። ቸኮል ያለ ነበር፤ የአባየ እጅ አልነበረም። እማየ ግን እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና “መጣ” አለች። አጎቴ ድርሻችንን ዓሣ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወጣ። ሱሪው ሐይቅ ገብቶ እንደወጣ ሰው እስከ ወገቡ ርሶ ነበር። ጧት ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ዳዶዋ በቁልፍ ፈንታ በፒንሳ ተቦጫጭቃለች።

ካምቢዮው እንዳለውም ተቃጠለ፤ ግን እማየ ኢዳዋን ጨርሳ ከወጣች በኋላ ነው። አጎቴ መኪናውን አስጎትቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመው፤ ዓሣውንም በብስክሌት ይጭን ጀመር። ማታ ማታ ቅያሳችን ጋ ሲደርስ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይገባ ነበር።