ሽምግልናዬና የኬልቄዶን ጉባኤ

ፍልስፍና ተምሬ ከአዲስ አበባ ስመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ እኔም ቢቸና ታሪክ እንዳስተምር ተመደብኩ። በአካባቢው ፍልስፍና የተማረ ሌላ ሰው ስላልነበረ በእውቀት የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም አልደበቅኩም። በተለይ የማውቀው የጥንት ክርስቲያን ሊቃውንት የግሪኮችን ፍልስፍና ክርስትና አንሥተው ለአውሮፓ እንዴት እንዳወረሱት ነበር። በቢቸና ገበያ የዚህ እውቀት ፈላጊ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በዚያው ዓመት ሞጣ ለንግሥ ሄጄ አንዲት ልጅ ወደድኩ። የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ዳዊትም ትደግማለች። ሁለት ጊዜ አወራኋት፤ ከዚያ በኋላ ያለሷ መኖር የማልችል መሰለኝ። ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፣ ሌላው የአባቷ ጎረቤት የሆኑ የሞጣ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

አባትየው ሽማግሌዎቹን እንዳቆሙ «ልጁ ምን ተማረ?» ብለው ጠየቁ።

«ፍልስፍና፣ የኔታ።»

«ከማን?»

«ከፈረንጅ።»

ጉድ ፈላ። የኔታ እንደሚሉት ፈረንጅ ፍልስፍና ያስተማረውን ሰው ካቶሊክ ሳያደርግ አይለቅም። ልጃቸውን ለካቶሊክ ከሚድሩ ደግሞ ለአባይ አዞ ቢሰጧት ይመርጣሉ። በመጨረሻም የኔታ «ራሱ ይምጣና ይፈተን» አሉ። ሚስት የሚጠይቅ ሰው ራሱ ተነሥቶ መሄዱ ነውር ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ስለ ትምህርቴ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሞጣ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ በግራና በቀኝ ቆሙልኝ፤ ልጅቷና እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። የአውሮፓ ሐሳብ አባት የሚባለው ሰው ፈረንጅ ሳይሆን የሰሜን አፍሪካ ጳጳስ እንደነበረ በማስረዳት ጀመርኩ። ሰው ወደ ውስጡ ተመልክቶ ራሱን እንዲመረምር ያስተማረ እሱ ነው፤ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ጊዜ የጻፈውን አውሮፓ ከሺህ ዓመት በላይ ስታመነዥክ ኖራለች አልኩ።

የኔታ ጭራቸውን አስቀመጡ። «ይህ ሰው የሞተው ከኬልቄዶን በፊት ነው በኋላ?»

ኬልቄዶን ቤተ ክርስቲያናችን ከሮም የተለየችበት ጉባኤ ነው። «በፊት ነው፣ የኔታ። ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ።»

«እንግዲያ የኛ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ቀላል መሆኑን ያስተማረኝ ፈረንጅ አልነበረም። የኔታ የአውሮፓን ፍልስፍና በሙሉ እየጠየቁኝ ለሁለት ከፈሉት፤ ከጉባኤው በፊት ያለው የኛ፣ በኋላ ያለው የእነሱ። ግሪኮች ሳይጠየቁ የኛ ሆኑ። ከዲግሪዬ ግማሹን ወርሰው ግማሹን አወገዙት።

ነጋዴው ቆመው ደክሟቸዋል። «የኔታ፣ እኔ በጉባኤው አልነበርኩበትም። የልጆቹን ጉዳይ ብንጨርስ» አሉ።

የኔታ ሳቁ። ተቀመጡ ተባልን፤ ጠላም ቀረበ፣ ለነጋዴውም ቡና። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል ኖሯል፤ እኔ ግን ለሙሽርነቴ ማጣፈጫ የጳጳሱን ሕይወት ጨመርኩበት። ከመመንኮሱ በፊት ከአንዲት ሴት ጋር ዓመታት መኖሩን፣ ልጅ እንደወለደችለት፣ የባለጸጋ ልጅ ስትታጭለት ያቺን የልጁን እናት እንደሰደዳት፣ እሷም ሌላ ወንድ ላታውቅ ተስላ ልጇን ትታ ወደ አገሯ መመለሷን አወራሁ። እንዲህ ያለው ሰው መንኖ ታላቅ ሊቅ መሆኑ አይደንቅም ወይ ብዬ ጨረስኩ።

እናትየው ከመጋረጃው ብቅ አሉ። «ልጄ ጠይቂልኝ ትላለች። የሴትዮዋ ስም ማን ነበር?»

«አልተጻፈም» አልኩ።

«ሰውየው ራሱ አልጻፈውም?»

«አልጻፈውም።» በልጅነቱ ከሰው ዛፍ የሰረቀውን ፍሬ ሳይቀር ጽፏል፤ ይህን ግን ዋጥ አደረግሁት።

እናትየው ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ እኔን አላዩኝም፤ ለባላቸው ነበር የተናገሩት። «ያቺን ሴት በተናገረበት አፉ ነገ እኔንም እንዲህ ይናገረኛል፤ አልሄድም ብላለች።»

የኔታ ብዙ ለመኑልኝ። ሰውየው የኛ ነው፣ ከኬልቄዶን በፊት ነው እያሉ በመጋረጃው በኩል ተከራከሩልኝ። ልጅቷ ስለ ጉባኤው አልተከራከረችም፤ አልሄድም ብቻ አለች። አባቷም አላስገደዷትም፤ ለዚህ ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ጠላኋቸው፤ ወደ ቢቸና ስመለስም ከመኪናው ላይ እስክወርድ አለቀስኩ።

በዓመቱ አምበር ከተማ ላለ ድሬሰር ተዳረች፤ ስለ ፍልስፍና ምንም የማያውቅ፣ መርፌ የሚወጋ ሰው። እኔ ስለ ጳጳሱ ማስተማሬን ቀጠልኩ፤ ሴትዮዋ ጋ ስደርስ ግን ጠመኔ ፍለጋ ዞር እላለሁ። የሞጣዋን ልጅ ስም እስከ አያቷ ድረስ አውቀዋለሁ። እዚህ ያልጻፍኩት የሰው ሚስት ስለሆነች ነው።