አባቴ የገፋው ብስክሌት

ቡሬ ላይ ብስክሌት የሚያድሱት ሽማግሌ፣ ጋሽ ውበቱ፣ ብስክሌቱን ገልብጠው ካቴናውን ፀሐይ ላይ በጨርቅ ሲፈትጉት፣ የቆየ የኑግ ዘይት ሽታ ተነሣና ይህን ሁሉ ዕድሜዬን ረስቼ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሲያስተምር የተመላለሰበትን ብስክሌት ከግድግዳው ያወረድኩት፣ እሱ ይሄድበት የነበረውን ዳገት አንድ ጊዜ እንኳ ልውጣበት ብዬ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ካቴናውን ዘይት መቀባት የኔ ሥራ ነበር፤ ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴን ሾምኩ እንጂ። እናቴ ለጾም ካስቀመጠችው የኑግ ዘይት በሲኒ እቀዳለሁ፣ የዶሮ ላባ እየነከርኩ እያንዳንዷን መጋጠሚያ አጠግባለሁ፣ እጄም ቀሚሴም ይጠቁራል፣ እናቴ ትቆጣለች፤ አባቴ ግን ፔዳሉን አንዴ አዙሮ «ዛሬስ አማረበት» ይለኛል። ሰኞ ጠዋት ከኋላው አስቀምጦኝ ወደ ትምህርት ቤቱ እንነሣለን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ካቴናው ቀጭ ቀጭ እያለ መዝለል ይጀምራል፤ አባቴ ይወርድና እኔን እንደተቀመጥኩ እየገፋ ይወጣል። እየገፋም ስለ ዛፉ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ልጅነቱ ያወራኛል። ብስክሌት ማለት ሜዳ ላይ የሚነዱት፣ ዳገት ላይ የሚያወሩበት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ውበቱ ካቴናው የሚዞርባቸውን የሾሉ የብረት ጥርሶች በጣታቸው እየዳሰሱ «ካቴናውን ብቻ ብለውጥልሽ ባረጀ ጥርስ ላይ ይዘላል፤ የፊቱም የኋላውም ጥርስ አብሮ ይለወጥ» አሉኝ። ጣታቸውን በጨርቁ እየጠረጉ ደግሞ «የኑጉ ዘይት ነው የጨረሰው፤ አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ይበላል። ለመምህርም ነግሬያቸው ነበር። ‹ልጄ ናት የምትቀባው፣ ደስታዋን አልነጥቃትም› አሉኝ» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ያን ሁሉ ዓመት አባቴን ዳገቱን በእግሩ ያስወጣሁት ለካ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልለው ፈለግሁ፤ የት አግኝቼው።

ሦስቱም ተለወጡ፣ የማሽን ዘይት ጠብ ጠብ ተደረገባቸው፣ ያ ሽታ ጠፋ። አሮጌዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ያዝኩት። ካቴናው አንዴም አልዘለለም፤ ልቤ ግን አሁን ይዘላል፣ አሁን ይወርዳል እያለ ይጠብቅ ነበር። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አናቱ ላይ ደርሼ ዞር ብዬ አየሁት። ያን ሁሉ ወሬ የያዘው ዳገት ይኼን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቁልቁል ተመለስኩና እንደገና ወጣሁት፣ አሁን እየገፋሁ። የሚያወራኝ ግን አልነበረም።