ወደ ገደሉ የተመለሱት ዓሦች

የሺአረግ በጊዳ አያና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም። «ምን ይዘሽ ነው የምትኖሪው?» ሲሏት «ዓሦቼን» ትላለች፤ ሰዉም ይስቃል።

የዓሦቹን ነገር ያመጣው ጋሩማ የሚባል ገበሬ ነው። ለቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ ከአባይ ገደል ሲፈልጥ፣ አንዱ ድንጋይ ለሁለት ቢከፈል መዳፍ የምታህል ዓሣ ከነአጥንቷ ከነቅርፊቷ ታትማበት አገኘ። ደንግጦ ትምህርት ቤት ድረስ ይዞላት መጣ።

«አዴ የሺ፣ ይሄን ሰው ነው የሠራው ወይስ እግዜር?»

«ሰው ገና ሳይፈጠር የዋኘች ናት፣ ኦቦ ጋሩማ። ያኔ ይሄ አገር ውኃ ነበር።»

ጋሩማ ዙሪያውን የቆሙትን ተራሮች አየና «ታዲያ ውኃው የት ሄደ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ገደሉን መውረድ ያዙ። እሱ ይፈልጣል፤ እሷ በጥርስ ብሩሽ አፈሩን እያራገፈች ቀኑንና ቦታውን ከድንጋዩ ጀርባ ትጽፋለች። በስምንት ዓመት አርባ ሰባት ዓሣ ሰበሰቡ።

በአካባቢው የተነሣው ግጭት ጊዳ አያናን ሲያምሳት የሺአረግ ዓሦቹን ቤቷ ትታ፣ አንድ ፌስታል ልብስ አንጠልጥላ ነቀምቴ ገባች። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ማስተማሩንም ቀጠለች።  ሰውነቷ ነቀምቴ፣ ልቧ ገደሉ ላይ ነበር። የጋሩማ ስልክ ሦስት ዓመት ሙሉ አልሠራ አለ።

አንድ ቀን ጋሩማ ራሱ ዓይኑን ሊታከም ነቀምቴ መጣና አጠያይቆ አገኛት። ከስቷል፣ ሸብቷል። ሰላምታው እንዳለቀ፣

«ቤትሽ ተቃጥሏል» አላት።

«ዓሦቹስ?»

«ቀድሜ አውጥቻቸው ነበር። ግን እኔም ልሸሽ ሆነ፤ ለማን እተዋቸዋለሁ? በአህያ ጭኜ ወደ ገደላቸው መለስኳቸውና እዚያው ካለ አንድ ዋሻ ውስጥ ደረደርኳቸው። አጠፋሁ እንዴ?»

የሺአረግ «ፊታቸውን ወዴት አዞርከው?» አለችው።

«ወደ መሬት። ጠብታ እንዳይበላቸው። አንዷ ብቻ መንገድ ላይ ወድቃ ተሰበረች፤ ያቺ ጅራቷ የተጠመዘዘው።»

የሺአረግ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ስለ ቤቷ ያን ያህል አላለቀሰችም።

«ውሰደኝ» አለችው።

«መንገዱ ገና ሰላም አይደለም፣ አዴ የሺ።»

ጋሩማ ታክሞ ወደ ጊዳ አያና ተመለሰ። አሁን አንዳንዴ አፋፉ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውልላታል። ስለ እህሉ ሊነግራት ሲጀምር «እስኪ ዝም በል፤ ነፋሱን አሰማኝ» ትለዋለች። እሱም ስልኩን ወደ ገደሉ ዘርግቶ ይቆማል።

ዘንድሮ ወደ ጊዳ አያና መዛወር እንደምትፈልግ ማመልከቻ አስገባች። የትምህርት ቢሮው ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሰው ከዚያ ይሸሻል፤ አንቺ ምን ረስተሽ ነው?»

«አርባ ስድስት ዓሣ» አለች። ጸሐፊዋ አልሳቀችም። መልሱ ግን እስካሁን አልመጣም።