ጸዮን የዘለለቻቸው ገጾች

ጸዮን ደሴ ሳለች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። እህቷ ስፖንሰር አድርጋ ቶሮንቶ ስታመጣት ግን ማስተማሩ ቀረና አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ያዘች። ከነዚህ አንዷ ሚስ ዌክሊ የሚባሉ እንግሊዛዊት ደራሲ ነበሩ። በአገራቸው የወንጀል ልቦለዶቻቸው ባቡር ውስጥም ፀጉር ቤትም የማይነበቡበት ጊዜ አልነበረም። በእርጅናቸው የእህታቸውን ልጅ ተከትለው ካናዳ ገቡ፤ ዓይናቸው ሲጠፋ ደግሞ አዲሱን ልቦለድ በቃላቸው እየተናገሩ በስልክ ይቀርጹ ጀመር።

ጸዮን ከምሳ በኋላ የድሮ ሥራዎቻቸውን ታነብላቸዋለች። እሳቸውም ከዚያ ሞቅ ብሏቸው አዲሱን ይቀጥላሉ።

ልጇን ሔርሞንን ከሕፃናት ማቆያ የምታወጣበት ሰዓት ሲቃረብ ግን ሚስ ዌክሊ «ምዕራፉን ጨርሺልኝ» ይላሉ። ማቆያው ወዳለበት ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር የሚሄደው ባስ ካመለጣት ደግሞ በሰዓቱ አትደርስም። አንድ ቀን ጥቂት ገጾች ዘለለች። አልነቁባትም። እያደር ለመደችው።

አንድ ቀን ከሰዓት ስታነብላቸው አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ። «ሐኪሙ ሐይቁ ዳር ከመበለቷ ጋር የሚነጋገርበትስ?»

«እሱ... እዚህ የለም» አለች ጸዮን፤ አፏ ቀደማት።

«የለም?» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አልጻፍኩትም ማለት ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ መቅረጹን ተዉት። ለንደን ላለው አሳታሚያቸው ደውለው «ጭንቅላቴ ከድቶኛል፤ መጽሐፉን እርሱት» ሲሉ ጸዮን ሳህን እያጠበች ሰማች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ቅዳሴው አልሰማ አላት፤ በጆሮዋ የሚመጣው «አልጻፍኩትም» ብቻ ሆነ።

ሰኞ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ «ሚስ ዌክሊ፣ ጽፈውታል» አለቻቸው። «የዘለልኩት እኔ ነኝ። ሌላም ብዙ ዘልያለሁ።» የልጇንም የባሱንም ነገር አስረዳቻቸው።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «እና አእምሮዬ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጅ እንዳለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ቀደም ብለን እንጀምር ነበር እኮ» አሉ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ዳግም ሲደውሉለት አሳታሚው ደስ ብሎት እንዲቀጥሉ ነገራቸው፤ እሳቸውም ሞከሩ። ግን በየዓረፍተ ነገሩ መካከል ቆም እያሉ «ይህንን ቅድም ብዬዋለሁ?» ይላሉ። አንዴ የገባባቸው ጥርጣሬ አልወጣ አለ።

ጸዮን አሁን ማንበብ የምትጀምረው ከምሳ በፊት ነው፤ አንዲት ቃል አታልፍም። አሮጊቷም ይቅር ብለዋታል። አዲሱ ልቦለድ ግን እስከ ዛሬ መሐል ላይ ቆሟል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለመጠየቅም ጸዮን ድፍረቱን አላገኘችም።