የግራዝማቹ የጡት ልጅ

የልጅ ልጄ ካረብ አገር ደወለች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው። በደስታ ስትጮህ ጆሮዬን እንዳታደነቁረኝ ስልኩን ራቅ አድርጌ ብጠብቅ ዝም አለች። ደስ ይለኛል ብላ ስታስብ ሆዷን እንደሚቆርጣት ነገረችኝ። ምን ሆኜ ነው እማማ አለችኝ። ቁርጠት ነው፣ ጦስኝ አፍልተሽ ጠጪ አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የያዛትን አውቄዋለሁ። እዚሁ መካነ ሰላም አንዲት ፈረንጅ ላይ አይቼዋለሁ፣ ገና ጡቴ ሳይወድቅ።

ያ ክፉ ቀን ወሎን ጠራርጎ ሊያበቃ ሲል ነው። ሚሲዮኖች ከከተማው ጫፍ መጠለያ ሠርተው እህል ያጣውን ይቀልቡ ነበር። እኔ በበርሜል የሚፈላ ገንፎ አማሳይ ነበርኩ፤ ማማሰያው በቁመት ይበልጠኛል። ሲስተር ኤልሳ ደግሞ የሕፃናቱን ክንድ በክር እየለካች የባሰበትን ትለያለች። ልጅ ነበረች፣ ብትበልጠኝም በትንሽ ነው። አማርኛ ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ አፏም የኔው አፍ ነበር። አንድ ቀን አለቃዋ ፊት «ወላሂ አልዋሽም» ብላ ብትምል ሽማግሌው መነጥሩ ሊወድቅ ደረሰ። እዚህ አገር ክርስቲያኑም እንዲህ ነው የሚምለው ብዬ ባስረዳው ማን ይስማኝ!

መጠለያው ወላጅ በሞተበት ልጅ ተሞልቶ ነበር። ልጅ የሞተበት ሰው ደግሞ ይመጣና አንዱን ይወስዳል። በኛ ወግ ወሳጁ አውራ ጣቱን ማር ያስነካና ልጁን ያጠባዋል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ የቆመው ሁሉ አሚን ይላል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው። አሳልፎ ከሰጠው አገር ይተፋዋል። ኤልሳ ይሄን ለማየት ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች። አይታም ታለቅሳለች። ጣት ሲጠባ አይታ የምታለቅስ ሰው እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ንጉሡ ወርደው መሬት ላራሹ በተባለ ጊዜ የአገልግሎቷ ዘመን ሊያልቅ ደረሰ። ያን ሰሞን ሰው አልነበረችም። ጠዋት ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ትከታለች፣ ማታ መልሳ ታወጣዋለች። «ኧረ ተይው ይረፍ፣ ሻንጣም ነፍስ አለው» እላታለሁ። የእናቷን ቤት አውርታ ሳትጨርስ የአንዱ ሕፃን ክንድ ስንት ደረሰ ብላ ትጠይቀኛለች።

ወሬው ደግሞ ክፉ ነበር። መሬቱን የተወረሰ አንድ ግራዝማች ከከላላ በላይ ሸፍቷል። የያዛቸው የመንግሥት ሰዎች አልተመለሱም። ሌሎቹ ሚሲዮኖች ቀድመው ወጥተው፣ ለሷም መንገዱ ጨርሶ ሳይዘጋ ድረሺ የሚል መልእክት መጣ። በሌላ በኩል ያለው መንገድ ተኩስ ነው፤ ስለዚህ በከላላ አድርገን ወረኢሉ መኪና ልናሳፍራት ሆነ። በቅሎዎቹ የሼህ ይመር ናቸው፤ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። ሴት ብቻዋን ከወንድ ጋር አትሄድም ተብሎ እኔ ተጨመርኩ። እናቴ ለፈረንጅ ብለሽ ልትሞቺ ነው እያለች እስከ ወንዙ ሸኘችን።

ጥቅምት ነው። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። የገብስ እሸት እየቀጠፍን በመዳፋችን እያሸን እንበላለን፤ ከዚያ ሁሉ ረሃብ በኋላ እሸት በአፍ ሲፈነዳ ምን እንደሚመስል ያልተራበ አያውቀውም። ጉሙ ወርዶ ከበቅሎዋ ጆሮ ወዲያ አይታይም። ቁራ በጮኸ ቁጥር አንገቷን አቅፋለሁ።

ኤልሳ ድንገት «መሄዱንም እፈራለሁ፣ መቅረቱንም እፈራለሁ» አለችኝ። «እቤቴ ስደርስ ሰው ሁሉ ደግ ሠራሽ ይለኛል። ለኔ የሚታዩኝ የሞቱት ናቸው።»

ቆሎ ዘግኜ ሰጠኋት።

ዳገቱን ሳንጨርስ ከጉሙ ውስጥ ጠመንጃ ወጣ። በመጀመሪያ ያየሁት አፈሙዙን ነው፣ ሰዎቹን በኋላ ነው ያየኋቸው። ጎፈሬያቸው ላይ ጤዛ ቁጭ ብሏል። ምንም ሳይሉ በቅሎዎቹን እየጎተቱ ወደ አንድ ጎጆ ወሰዱን። ግራዝማቹ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቂጣ በማር ይበላል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ነው የተቀበለን፤ ደህና ዋላችሁ፣ ብርዱ እንዴት ነው አለን። ፈገግ የሚል ባለጠመንጃ ያስፈራል።

ሼህ ይመር ለመኑት። ይህች ልጅ የተራበ ያበላች ናት፣ የእናቷ ቤት ልትገባ ነው አሉት።

«መንግሥት መሬቴን ወሰደ» አለ ግራዝማቹ። «እኔ ደግሞ እንግዳውን እወስዳለሁ። ይምጣና ይለምነኝ። እናንተ ሂዱ፣ እሷ ትቀራለች።»

እዚያው ቆሜ ቀሚሴ ረጠበ። እውነቴን ነው። ሄደን ብንተዋት እንደነዚያ ሰዎች ላትመለስ ነው፤ ብንቀር ሦስታችንም።

ኤልሳ ያን ጊዜ ተራመደች። ሰዎቹ ጠመንጃ አነሱ። እሷ ግራዝማቹ እግር ሥር ተንበርክካ እጁን ያዘች፣ አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረች፣ ከዚያ እንደ እነዚያ የሙት ልጆች ዓይኗን ጨፍና ጠባችው።

ሼህ ይመር ያለ ጊዜያቸው የተፈጠሩ ብልጥ ናቸው፤ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ጀመሩ። አባት ያድርግህ፣ ልጅ ያድርጋት፣ ክፉ አይንካት! እነዚያ ባለጠመንጃዎች ለካ ልማድ ነውና በየምርቃቱ አሚን፣ አሚን ይላሉ። ሲነቁ አልቆ ነበር። ጌታቸውን በገዛ አፋቸው አባት አድርገውት ቁጭ!

ግራዝማቹ ጣቱን ረጅም ጊዜ አየው። በቃ ሊተኩስ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ልጅ አባቱ ሲሞት ደረቱን ይመታል። አንቺ አገርሽ ልትገቢ ነው። ለኔ ማን ሊቆም ነው?»

ቂጣውን ቆርሶ በማር አጉርሷት፣ እስከ ወረኢሉ የሚያደርሱን ሰዎች ጨምሮ ለቀቀን።

ወረኢሉ መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጄን ያዘችኝ። «አባቴ ከሞተ አንቺ ቁሚልኝ» አለችኝ። የትኛው አባትሽ አልኳት፣ ለማሳቅ ብዬ። አልሳቀችም። «ይሄኛው» አለች። አቧራው መኪናውን ዋጠው።

ክረምቱ ሳይገባ ግራዝማቹ ተገደለ። ለሽፍታ ያለቀሰ ፀረ-አብዮት ነው ተብሎ ተለፈፈ። ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ስነሳ እናቴ በሩ ላይ ተጋደመች፤ ተሻግሬያት ወጣሁ። ለቅሶ ቤቱ ደጅ የቀበሌ ጠባቂ ቆሟል። ከውስጥ ሚስትየው ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ምንሽ ነው?» አለኝ ጠባቂው።

«የእህቴ አባት።»

«እህትሽ የታለች?»

«ባሕር ማዶ። ብትኖር እኔ ምን አስመጣኝ?»

ግራ ገብቶት ሲያየኝ አልፌው ገባሁና ድምፄን ለቀቅኩት። ደረቴን መታሁ፤ ልጅህ ማዶ ሆና አላየችህም ብዬ አወረድኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጎረቤት አጥር ዘላ መጣች። ከዚያ ሌላ። ሼህ ይመርም ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ። ማታ ቤቱ ሞልቶ ነበር።

ከሰው አገር የሚመለስ ሰው የሚፈራው እዚያ የጀመርኩትን ማን ይጨርስልኛል ብሎ ነው፤ የልጅ ልጄም ቁርጠት ይሄ ነው። ኤልሳ ዛሬ ትኑር አትኑር አላውቅም። ሞታም ከሆነ በዚያ በብርድ አገር ማን ደረቱን እንደመታላት አላውቅም፤ እነሱ በጸጥታ ነው አሉ የሚቀብሩት። ብቻ እዚያም ቢሆን በር ላይ የቆመውን የማትሰማ አንዲት ለፍላፊ ሴት አትጠፋም ብዬ እጽናናለሁ።