ባነሩ ላይ ያለችው ልጄ

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ ነው። ሰው ሲያዋራኝ መሃል ላይ ትዝ ይለኝና የሚለኝ ነገር አይሰማኝም። ለማንም ዘርዝሬ ተናግሬው አላውቅም።

የምኖረው ገርጂ ነው። ሲኤምሲ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ኤልዳና ስትወለድ የላይኛው ከንፈሯም ላንቃዋም የተሰነጠቀ ነበር። ያዋለደችኝ ነርስ «አይዞሽ፣ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል» አለችኝ። እናቴ ግን ልጅቷን ስታያት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ «ተኝታለች» ይባላል። ፊቷን ሳያይ ይሄዳል።

ጡት መሳብ አልቻለችም። ወተቴን አልቤ በማንኪያ ጠብ እያደረግኩ አጠጣታለሁ፤ ግማሹ በአፍንጫዋ ይመለሳል። ሐኪሞቹ ለቀዶ ጥገናው ክብደቷ መጨመር አለበት አሉን። ለክትትል ስንሄድ አንዲት ሲስተር «ፎቶ ላንሳት? ለሌሎች እናቶች ማስተማሪያ ይሆነናል» አለችኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ልጄን ሰው ሊያያት ሲፈልግ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ የሳንባ ምች ያዛት። ሰፈራችን ካለው ሆስፒታል አስተኛናት፤ አልተረፈችም። ክብደቷ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሲም ካርዴን ቀየርኩ። ክትትል ትሄድበት ወደነበረው ሆስፒታልም ድርሽ አላልኩም። መሞቷንም አልነገርኳቸው።

በዚያ የሐምሌ ቀን ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ዝናቡ ወረደብኝ። ሮጥ ብዬ አንድ ሕንፃ በር ላይ ተጠለልኩ። ቀና ስል ከበሩ ጎን ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። «የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ የግንዛቤ ወር። አትደብቋቸው፣ ይድናሉ» ይላል። ከጽሑፉ ሥር ኤልዳና አለች።

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ዓይኖቿ ያን ያህል ትልልቅ መሆናቸውን ረስቼው ነበር።

ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። አጠገቤ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ሕፃን ታቅፋለች፤ ብርድ ልብሱ ሕፃኗን እስከ ግንባሯ ሸፍኗታል። እንደዚያ አድርጎ መሸፈንን አውቀዋለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምሸፍናት።

«እህቴ፣ ይህችን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አለችኝ ወደ ባነሩ እያየች።

«ልጄ ናት።»

ፊቷ በራ። «በጌታ! ታዲያ ዳነች?»

ምን ልበላት? ልግባ አልግባ እያለች በሩ ላይ ቆማለች። አንድ ቃል ካጠፋሁ ልጇን ይዛ እንደምትመለስ ታየኝ።

«አዎ፣ ድናለች» አልኳት።

ስሟ አስቴር ነው። ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ከወላይታ ከመጣች ብዙም አልቆየች። ሕፃኗ ፀጋ ትባላለች። የፀጋ አባት ልጅቷን አይቶ እንደሄደ አልተመለሰም። «ብቻዬን መግባት ፈራሁ፣ አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ።

የኤልዳና ሆስፒታል ያዘጋጀው የግንዛቤ ፕሮግራም ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ እናቶች ተቀምጠዋል፤ የዳኑ ልጆች በወንበሮቹ መሃል ይሯሯጣሉ። ያቺ ኤልዳናን ፎቶ ያነሳቻት ሲስተር ከሩቅ አየችኝና እየሳቀች መጣች።

«የኤልዳና እናት! የት ጠፋሽ? ስንደውል ስልክሽ አይሠራም። ኤልዳናስ? ይዘሻት አልመጣሽም?»

ልዋሽ አልቻልኩም። «አጣኋት፣ ሲስተር» አልኩ። የልጄን ሞት በራሴ አፍ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። እስከዚያ ሌሎች ነበሩ የሚናገሩልኝ።

ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች። አስቴር ግን ቀድሞ ገብቷት ነበር። ልጇን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ወደ በሩ ሮጠች። ተከትያት ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ ክንዷን ያዝኳት።

«ድናለች አላልሽኝም? ትሞታለች ማለት ነው?» ትጮሃለች።

«ስሚኝ። ቀዶ ጥገናው አይደለም የወሰደብኝ። ለእሱ ሳትደርስልኝ ነው የሞተችው፣ የሳንባ ምች ነው። የዋሸሁሽ እንዳትመለሺ ብዬ ነው። እባክሽ፣ እነዚያን ልጆች በዓይንሽ እዪያቸው። ከዚያ መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ።»

ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። ሕፃኗም ታለቅሳለች። ብርድ ልብሱ ወርዶ ፊቷን አየሁት። የስንጥቁ አቅጣጫ ሳይቀር ልክ እንደ ልጄ ነው። አስቴር መልሳ ልትሸፍናት ስትል «ተያት፣ ትተንፍስ» አልኳት።

ተመልሳ ገባች። አንዲት ነርስ ሕፃኗን ቀና አድርጋ እንዴት እንደምትመገብ ስታሳያት ከኋላ ቆሜ አየሁ። ፀጋ ሳትታነቅ ጠጣች። እዚያ ላይ አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

ሲስተር ደጅ ድረስ ተከተለችኝ። «እኛ አላወቅንም፤ ባነሩን አሁኑኑ እናወርደዋለን» አለችኝ።

«ወሩ እስኪያልቅ ይቆይ» አልኳት። «ሰው ይያት።»

ፀጋ ከክረምቱ በኋላ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። የላንቃዋ ገና ነው፤ ከንፈሯ ግን ተሰፍቷል። አስቴር ቤቴ ይዛት መጣች፤ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻትና ወደ ኋላ አለች። አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ቀርታለች። ፀጋ ሳቀችልኝ።

ኤልዳና ብትተርፍ ምን ትመስል እንደነበር ብዙ ጊዜ ለማሰብ ሞክሬ አልመጣልኝም ነበር። ያን ቀን ጭኔ ላይ አየሁት። ፀጋን አቅፌ ስንሰቀሰቅ አስቴር አይዞሽም፣ በቃሽም አላለችኝም። አጠገቤ ተቀመጠች።

አሁንም እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ፀጋ ስትስቅ ከልቤ ደስ ይለኛል። ሲሄዱ በሩን ዘግቼ አለቅሳለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ቢቀሩ ግን ከዚህም የባሰ የሚከፋኝ ይመስለኛል።